የማፍርባቸው ፊልሞች

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምናዘዘው ነገር አለ። ከመካከላችሁ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ያሰቃየኋችሁ ብዙዎች ስላላችሁ፣ "ቲቸር እንዲህ ነበሩ እንዴ!" ከማለታችሁ በፊት ቀድሜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ቡና እየፈላ ብታነቡት ይሻላል።

ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ባለቤቴ ዜናውን ሰምቶ ሲተኛ፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ አሮጌ ፊልም አያለሁ። አሮጌ ፊልም ማየት በራሱ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ያስከብራል። የኔዎቹ ግን የሚያስከብሩት ዓይነት አይደሉም። ስለ ዝና የሚያለቅሱ ፊልሞች ናቸው። ልጅቷ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ከተማ ትገባለች፣ ድምጿ ወይ መልኳ ይታይላታል፣ ስሟ በመብራት ይጻፋል፣ ከዚያ መከራው ይጀምራል። ወይ ደግሞ ሰውየው ድሮ ታዋቂ ነበር፤ ዛሬ የቀረው ጓደኛ ጠርሙስ ብቻ ነው። ቫዮሊኑ ያለቅሳል፣ አንዷ ደረጃ ላይ ቆማ ትጮኻለች፣ እኔ ሶፍት ፍለጋ እነሳለሁ።

እናንተ የምታውቋት ቲቸር ግን ሌላ ናት። ድርሰታችሁ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ማልቀስ ያለበት አንባቢው ነው እንጂ አንተ አይደለህም" እያልኩ የምጽፍ ሰው ነበርኩ። አንዱ በድርሰቱ መጨረሻ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በሠርጉ ዋዜማ በመኪና ስላስገጨው ከ20 ስምንት ሰጥቼዋለሁ። (እዚህ ገጽ ላይ አለ፤ ዛሬ ሁለት ልጆች አሉት፣ ይቅር ብሎኛል።) በዚያው ሳምንት እኔ ራሴ አንድ ሰውዬ ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕር ውስጥ ሲገባ እያየሁ ትራሴን ሳርስ አመሸሁ።

ከዚህ በታች ስለ ፊልሞቹ ስጽፍ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።

በሽታው የጀመረኝ በህንድ ፊልም ነው። ልጅ እያለሁ ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ዴክ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። እሁድ ከሰዓት የሰፈሩ ልጅ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ምንጣፉ ላይ ይደረደራል፤ የቤቱ እመቤት ቆሎ ያዞሩልናል። "አቢማን"ን ያየሁት እዚያ ነው። በ1973 የወጣ፣ ሪሺኬሽ ሙከርጂ ያዘጋጀው ፊልም ነው። አሚታብ ባቻን ታዋቂ ዘፋኝ ነው፤ ጃያን ገጠር አግኝቶ ያገባታል። አብራው እንድትዘፍን የሚፈልገው ራሱ ነው። ከዚያ ሕዝቡ እሷን አብልጦ ይወዳታል፣ ቤቱም ውስጥ ቅናት ይገባል። ሂንዲ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ግን የሚለቀስበትን ቦታ የሚስት ሰውም አልነበረም። እመቤቲቱ በፊልሙ ላይ የራሳቸውን ትርጉም ይጨምሩበታል፤ "ምን ይደረግ፣ ወንድ ልጅ ሚስቱ ስትበልጠው አይወድም!" ይላሉ ባላቸውን በጎን እያዩ። መጨረሻ ላይ ባልና ሚስቱ መድረክ ላይ አብረው ሲዘፍኑ ክፍሉ በሙሉ ይነፋረቃል።

አሚታብና ጃያ በእውነተኛው ዓለምም የተጋቡት በዚያው ዓመት ነው፤ ፊልሙ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ። እሷ ከ1981ዱ "ሲልሲላ" በኋላ ለረጅም ዓመታት ከስክሪን ራቀች፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ አለ። ይሄን ያወቅሁት በቅርቡ ነው፤ ካወቅሁት ወዲህ የፊልሙ ማብቂያ እንደ ድሮው አያስለቅሰኝም፣ ያናድደኛል።

የአሜሪካኖቹን ያስለመደችኝ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት። ሻንጣዋ ውስጥ ከሳሙናና ከቸኮሌት ጋር ሁለት ካሴት ነበር። አንደኛው "ኤ ስታር ኢዝ ቦርን"፣ የ1954ቱ። ይሄ ታሪክ በ1937 ተሠርቷል፣ በ1954 ተሠርቷል፣ በ1976 ተሠርቷል፣ በ2018 ደግሞ ሌዲ ጋጋና ብራድሊ ኩፐር ሠርተውታል፤ የመጨረሻውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ሁሉም ላይ ነገሩ አንድ ነው። የታወቀና የሚጠጣ ወንድ ያልታወቀች ሴት ያገኛል፣ መንገድ ያሳያታል፣ እሷ ትወጣለች፣ እሱ ይወርዳል። እንደ ሚዛን፤ አንዱ ጎን ሲነሳ ሌላው ይወድቃል።

በ1954ቱ ላይ ጁዲ ጋርላንድ ኤስተር የምትባል የባንድ ዘፋኝ ናት። ጄምስ ሜሰን ደግሞ ኖርማን ሜይን የሚባል የፊልም ኮከብ ነው። አንድ ማታ ሰክሮ እሷ የምትዘፍንበት መድረክ ላይ ይወጣል፤ እሷ ግን ሕዝብ ፊት እንዳይዋረድ የትርኢቱ አካል አስመስላ ታወጣዋለች። ኋላ ላይ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ በተሰቀሉበት ቤት ከባንዱ ጋር ለራሷ ስትዘፍን ይሰማታል። ስቱዲዮ ያስገባታል፤ ስሟን "ቪኪ ሌስተር" ብለው ይቀይሩታል፤ ይጋባሉ። ከዚያ እሱን ስቱዲዮው ያሰናብተዋል። ቤት ውሎ ስልክ እያነሳ ለሚስቱ መልእክት ይቀበላል። ዕቃ ያመጣ አንድ መልእክተኛ "እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ ሚስተር ሌስተር" ይለዋል፤ በሚስቱ የመድረክ ስም መሆኑ ነው። እሷ ኦስካር የተቀበለች ማታ ሰክሮ ይመጣል፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ሥራ ስጡኝ ብሎ ይለምናል፣ እጁን ሲያወናጭፍ ሳያስበው ፊቷን በጥፊ ይላታል። መጨረሻ ላይ ሥራዋን ትታ ልታስታምመው መወሰኗን ተደብቆ ይሰማል፤ ከዚያ ባሕሩ።

እንግዲህ ይሄን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየሁት አትጠይቁኝ።

ሁለተኛው ካሴት "ሰንሴት ቡሌቫርድ" ነበር፤ 1950፣ ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር። ታሪኩን የሚነግረን የሞተ ሰው ነው፤ ሬሳው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ተንሳፎ እሱ ስለ ራሱ ይተርካል። ኖርማ ዴዝመንድ የምትባል የድምፅ አልባው ዘመን ኮከብ፣ ዓለም እንደረሳቻት ሳታምን ግዙፍ ቤቷ ውስጥ የራሷን ፎቶዎች ተከባ ትኖራለች። የፊልሙ ጭካኔ ተዋናዮቹን የመረጠበት መንገድ ላይ ነው። ኖርማን የምትጫወተው ግሎሪያ ስዋንሰን ራሷ የድምፅ አልባው ዘመን ትልቅ ኮከብ ነበረች። የቤት አሽከሯ ሆኖ የሚያገለግላት ኤሪክ ፎን ስትሮሃይም ድሮ እሷን ያዘጋጀ ዳይሬክተር ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚያዩት የኖርማ የድሮ ፊልምም በእውነት እሱ አዘጋጅቶ እሷ የሠራችው፣ ሳያልቅ የቀረው "ክዊን ኬሊ" ነው። ቤቷ ካርታ ሊጫወቱ ከሚመጡት አዛውንቶች አንዱ በስተር ኪተን ነው። ያ ዓለምን ሁሉ ያሳቀ ሰውዬ ተቀምጦ ካርታውን ያያል፣ በቃ።

ኖርማ በፊልሙ ውስጥ ስንት ዓመቷ መሰላችሁ? ሃምሳ። ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት እንደ ሙት መንፈስ ነው የምትታየው። መጀመሪያ ሳየው "አይ አሮጊቷ!" ብዬ አዝኜላት ነበር። አሁን እኔ ከኖርማ እበልጣለሁ፤ ጉልበቴን ካላመመኝ በቀር ደህና ነኝ።

ስለ "ቫሊ ኦቭ ዘ ዶልስ" ብዙ አልልም። 1967። መጥፎ ፊልም ነው። አንዷ የሌላዋን ዊግ ከራሷ ላይ ነጥቃ ሽንት ቤት ውስጥ ትከተዋለች። ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ለምንድነው የምወዳቸው? ለረጅም ጊዜ መልሴ "ልብሱ ያምራል፣ ሙዚቃው ደስ ይላል" ነበር። ውሸት ነው። እውነቱን ለመናገር የምጠብቀው ውድቀቱን ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ ልጅቷ የምትነሳበት፣ ትንሽ ይሰለቸኛል። ጠርሙሱ ሲከፈት ግን ጋቢዬን አስተካክዬ እቀመጣለሁ። ደግሞ የኔ ብቻ አይደለም። "በአንድ ወቅት ታዋቂ የነበረችው ድምፃዊት ዛሬ ያለችበትን ብታዩ ታለቅሳላችሁ" የሚል ቪዲዮ ሲመጣ ስንቶቻችን ነን ሳንነካው የምናልፍ? ከንፈራችንን እየመጠጥን እስከ መጨረሻው እናያለን። ማዘናችን እውነት ነው። ግን ከሐዘኑ ሥር አንድ የሚጣፍጥ ነገር አለ፤ "እንኳንም እኔን አላደረገኝ" የሚል። ትንሽ ቤቴ፣ ትንሽ ደመወዜ፣ ማንም የማያውቀው ስሜ በድንገት ጥበብ ሆኖ ይታየኛል። ያልደፈርኩት ሁሉ ያመለጥኩት አደጋ ይሆንልኛል።

እዚህ ጋ ሁለተኛውን ኑዛዜ ልጨምር። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ በአንድ የተማሪዎች ቴአትር ላይ ዋና ሆኜ ተጫውቻለሁ። ከተመልካቹ መሃል የቴአትር ሰው ነበሩ፤ ሲያልቅ ጠርተው "ክረምት ላይ ነይና እንይሽ" አሉኝ። አድራሻውንም ጻፉልኝ። አልሄድኩም። እናቴ ከለከለችኝ እንዳልል አልነገርኳትም። ፈራሁ፣ በቃ። ወረቀቱን መዝገበ ቃላት ውስጥ ከትቼ አስቀመጥኩት፤ መዝገበ ቃላቱ አሁንም አለ። ኤስተርንና ኖርማን የተዋወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሲወድቁ ባየሁ ቁጥር ያ ወረቀት ይቀለኝ ነበር።

ይሄ ሁሉ የራሴ ጉዳይ ሆኖ ቢቀር ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

ከሃያ ዓመት በፊት አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ስሟን አልጽፍም፤ የፈቀደችልኝ ታሪኩን ብቻ ነው። የክፍሏ ልጆች የሆናችሁ ገምታችሁ ታውቋት ይሆናል፤ እባካችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትጠሯት። የወላጆች ቀን ላይ ማይክራፎኑ ተበላሽቶ ያለ ማይክ ዘፈነች፤ ከአዳራሹ ጀርባ አጥር ጥግ የቆሙት ጥበቃ ሳይቀሩ መጥተው በር ላይ ቆሙ። እንዲህ ያለ ድምፅ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ አንድ ባንድ ሊወስዳት ጠየቃት። ማታ ማታ ሆቴል ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። አባቷ "አዝማሪ ልትሆኚ ነው?" ብለው ቤቱን ቀወጡት። እሷ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ከጎኗ እንዲቆምላት ፈልጋ እኔ ጋ መጣች። ስታፍ ሩም በር ላይ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ "ቲቸር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" አለችኝ።

አስቀመጥኳትና "ኤ ስታር ኢዝ ቦርን"ን ተረኩላት።

ፊልሙን አልሰጠኋትም፤ ተረኩላት። መተረክ እንደምችልበት ታውቃላችሁ። ስካሩን፣ ጥፊውን፣ "ሚስተር ሌስተር" የተባለባትን ቅጽበት፣ ባሕሩን። "ዝና እንዲህ ነው ልጄ፣ የሚወደውን ሰው ይበላል" አልኳት። ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ አመሰገነችኝና ሄደች። ባንዱን ተወችው፤ አካውንቲንግ ተማረች። አባቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኑኝ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እየተንሳፈፍኩ ነው። አንዲት ልጅ ያዳንኩ መስሎኛል።

ባለፈው ወር ኢንቦክስ ጻፈችልኝ። አንድ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፣ ትዳር አላት፣ ልጆች አሏት። ሰላምታው ካለቀ በኋላ እንዲህ ይላል፤ "ቲቸር፣ ያን ጊዜ የነገሩኝን ፊልም አገኘሁት። ትላንት ማታ አየሁት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ሴትየዋ እኮ ምንም አልሆነችም።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩት።

እውነቷን ነው። የሚወድቀው እሱ ነው። የሚሞተው እሱ ነው። እሷ ትዘፍናለች፣ ታሸንፋለች፣ ባሏን ትቀብራለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ተነስታ መድረክ ላይ ትወጣለች። ፊልሙ የሚያልቀው እሷ ቆማ፣ ራሷን በሟች ባሏ ስም ስታስተዋውቅና አዳራሹ ሲያጨበጭብላት ነው። በ1937ቱም እንዲሁ፣ በ2018ቱም እንዲሁ፤ ልጅቷ ትተርፋለች። በየጊዜው ያየሁት ፊልም ነው፤ ትዕይንቱን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ እችላለሁ። ያን ቀን ግን ያቺን በድምጿ የምትኖር ልጅ አስቀምጬ የሰውየውን ታሪክ ነገርኳት። የሷን ታሪክ፣ የዘፋኟን፣ ዘለልኩት።

ማታውኑ ደግሜ ከፈትኩት። በዚህኛው ጊዜ ኖርማንን ትቼ እሷን ብቻ ተከተልኩ። አንድ ቦታ አለ፤ ሁልጊዜ ሻይ ልቀዳ የምነሳበት። ኤስተር ቀረጻ ላይ ናት፤ ፊቷ ላይ ጠቃጠቆ ተስሎላታል፣ የተበጫጨቀ ልብስ ለብሳ የደስታ ዘፈን ነው የምትሠራው። በእረፍቱ መልበሻ ክፍሏ ውስጥ ለስቱዲዮው አለቃ ስለ ባሏ ትነግረዋለች። እንደምትወደው፣ አንዳንዴ ደግሞ ደጋግሞ ቃሉን ስለሚያፈርስ እንደምትጠላው፣ ራሷንም እንደምትጠላ። ታለቅሳለች፤ ጠቃጠቆው ይበላሻል። ከዚያ ይጠሯታል። ፊቷን ታስተካክላለች፣ ትወጣለች፣ እየሳቀች ዘፈኑን ትጨርሳለች።

ለካ ፊልሙ እዚህ ጋ ነው። ይሄ ዝና አይደለም፤ ሥራ ነው። ያንን የሚያውቅ ሰው ስንት ነው? ልጅ ታሞበት ክፍል ገብቶ ያስተማረ ያውቀዋል። ገበያ ውላ ልቅሶ ደርሳ ማታ እንጀራ የጋገረች ታውቀዋለች። እኔ ግን ሻይ እየቀዳሁ ነበር።

እዚህ ጋ "እንግዲያው ዝና አይጎዳም እያልሽ ነው?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አይደለም። ጁዲ ጋርላንድ ራሷ በ1969 ለንደን ውስጥ ሞታ ስትገኝ 47 ዓመቷ ነበር። ፊልሙ ላይ የሰካራም ሚስት ሆና ትጫወት እንጂ በክኒንና በመጠጥ የምትሰቃየው እሷ ነበረች። በ1954 ፊልሙን ስትሠራ 32 ዓመቷ ነው፤ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር በ1950 ካሰናበታት በኋላ የተመለሰችበት ሥራ ነው። ከሦስት ሰዓት የሚበልጠውን ፊልም ስቱዲዮው ከወጣ በኋላ ግማሽ ሰዓት የሚጠጋ ቆረጠባት። ያ የጠቃጠቆው ዘፈን ራሱ ከተቆረጠው ውስጥ ነው፤ የተመለሰው በ1983 ነው፣ ጭራሽ ያልተገኘው ደግሞ በፎቶ ተሞልቶ። ኦስካር ታጨች፤ ልጅ ወልዳ ሆስፒታል ስለነበረች፣ ካሸነፈች ከአልጋዋ ላይ እንድትናገር ካሜራ ክፍሏ ድረስ ገብቶ ተተከለ። ግሬስ ኬሊ አሸነፈች። ካሜራውን ነቅለው ወጡ። ይሄን ዋይልደር ቢጽፈው እኔ በቀይ እስክሪብቶ "ተጋነነ" እለው ነበር።

ግን ልብ በሉ፣ ገዳዩ ማነው? ከልጅነቷ ጀምሮ ስቱዲዮ ውስጥ ነቅታ እንድትሠራ አንድ ክኒን፣ እንድትተኛ ሌላ ክኒን ይሰጧት እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ያ ዝና አይደለም፤ አሠሪ ነው። ስም አለው፣ ቢሮ አለው፣ ውል አለው። ፊልሞቹ ላይ የሚያናድደኝ አሁን ይሄ ነው። ጥፋቱን ሁሉ "ዝና" የሚባል መልክ የሌለው ጭራቅ ላይ ጥለው፣ ስቱዲዮውን ጥሩ አባት አድርገው ያሳዩናል። የኤስተር አለቃ እኮ ደግ ሰውዬ ነው! እንባዋን የሚጠርግላት እሱ ነው!

በሌላ በኩል ግሎሪያ ስዋንሰን አለችላችሁ። ሰው ሁሉ ኖርማ ዴዝመንድን እሷ ናት ብሎ ነው የሚያስበው፤ እኔም ሳስብ ኖሬያለሁ። ሴትዮዋ ግን "ሰንሴት ቡሌቫርድ" ከመሠራቱ በፊት ኒው ዮርክ ውስጥ የራሷ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበራት፤ ቴሌቪዥን ገና እንግዳ ነገር በነበረበት በ1948። ከፊልሙም በኋላ ሠራች፣ የሕይወት ታሪኳን ጻፈች፣ በ1983 በ84 ዓመቷ አረፈች። ያበደች ሴት ተጫውታ ሥራዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ የሄደች ሰው ናት። እኛ ደረጃው ላይ አስቀርተናት ነው እንጂ። ወርዳለች እኮ!

ለዚያች ልጅ ማለት የነበረብኝን አሁን አውቀዋለሁ። ውሉ የት ነው? አንብበሽዋል? ገንዘቡን ማነው የሚይዘው? ማታ ስትጨርሱ ቤትሽ ድረስ ማነው የሚያደርስሽ? ባንዱ ውስጥ ሌላ ሴት አለች? እስኪ እሷን አነጋግሪያት። አባትሽን ይዘሻቸው ነይ፣ ከኔ ጋር ሆነን እናነጋግራቸው። ይሄ ነበር የትልቅ ሰው ሥራ። ምናልባት ከዚህ ሁሉ በኋላ "አይሆንም" ይባል ነበር፤ ሊሆን ይችላል። ያኔ ግን የምትተወው የማትፈልገውን አውቃ ይሆን ነበር እንጂ የኔን ፍርሃት ተውሳ አይሆንም ነበር።

መልስ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ጽሑፉን ትቼ ደወልኩላት። ይቅርታ ስጠይቅ ዝም አለች። ከዚያ፣ "ቲቸር፣ አልቆጨኝም ልልዎት ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል" አለችኝ። "ደግሞ በእርስዎ ብቻ አይደለም። እኔም ፈርቼ ነበር። 'አይሆንም' የሚለኝ ሰው ፍለጋ ይሆናል እርስዎ ጋ የመጣሁት።" ሊያቀልልኝ ብላ ይሁን ከልቧ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለታችንም ትንሽ አለቀስን፤ ቫዮሊን ብቻ ነው የጎደለን።

አሁንም ትዘፍን እንደሆነ ጠየቅኋት። "ሠርግ ላይ፣ ዘመድ ቤት፣ ልጆቹን ሳስተኛ" አለች። ከዚያ ቆየት ብላ፣ ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡበት አንድ ቦታ እንዳለ፣ ክራር የሚጫወት ልጅ እንደሚመጣ፣ አንዴ ተለምና እንደዘፈነች ነገረችኝ። "እንዴት ነበር?" ስላት "ድምፄ ወፍሯል" አለችና ሳቀች። ሌላ አልጨመረችም። እኔም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚህኛው ጊዜ ታሪክ አልተረኩላትም።

ፊልሞቹን እተዋለሁ ብላችሁ እንዳትጠብቁኝ። አልተውም። "ቫሊ ኦቭ ዘ ዶልስ"ን ለአራተኛ ጊዜ ላየው ነው፤ ዊጉ ሽንት ቤት ሲገባ አሁንም እስቃለሁ። ጋርላንድ መጀመሪያ እዚያ ፊልም ውስጥ ዊጓ የሚነጠቀውን ሴት ልትጫወት ነበር፤ አሰናብተዋት በሱዛን ሄይዋርድ ተኳት። ይሄን ስለማውቅ ሳቁ ትንሽ ይሻክረኛል፤ ግን እስቃለሁ።

የሚመጣው ቅዳሜ ልጅቱ ቤቴ ትመጣለች። "ልጅቱ" ስል አርባ ሊሞላት ነው። "ኖርማ የምትባለዋን ደግሞ ያሳዩኝ፣ ግን ሳይተርኩልኝ" ብላኛለች። ባለቤቴን ዜናውን መኝታ ቤት በስልክህ ስማ ብዬዋለሁ። ፈንዲሻው ከኔ፣ ሶፍቱን እሷ ይዛ ትመጣለች።